በእናቴ በዓላት የቆጠርኩት ቀን

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደመወዝ የተከፈለኝ የሞቱ ሰዎችን ደብዳቤ ለማንበብ ነው። ይህን ስናገር ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ ደግሞ «የምርህን ነው?» ይለኛል። የምሬን ነው። ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ በሩሲያኛ የተጻፉ አሮጌ ወረቀቶችን እየለየሁ፣ እያጸዳሁ፣ ቀን እየሰጠሁ ኖርኩ። ባለፈው ግንቦት ጡረታ ወጣሁ። ኬክ ተቆረሰ፣ አለቃዬ ስሜን ለመጨረሻ ጊዜ አጣሞ ጠራው፣ እኔም አላረምኩትም። ከጠረጴዛዬ ይዤ የወጣሁት አንድ ትንሽ ካርቶን ነው። ውስጡ ያለው ባዶ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው።

ስለ ቁራጮቹ ለመናገር ግን ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ሩሲያኛ የተማርኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ መስኖ ምህንድስና እንዳጠና ተልኬ። መስኖውን ከተመለስኩ በኋላ ብዙም አልሠራሁበትም፣ ቋንቋው ግን ቀረልኝ። እዚያ ሳለሁ የምንወስደው የፓርቲ ታሪክ የሚባል ትምህርት ነበር። መምህራችን ስለ እርስ በርስ ጦርነታቸው ሲያስተምር አንድ ቀን በሳይቤሪያ መስቀል ደረታቸው ላይ ሰፍተው ስለዘመቱ በጎ ፈቃደኞች ነገረን። ቦልሼቪኮችን የሚወጋው የነጮቹ ጦር እየተሸነፈ ወደ ምሥራቅ ሲሸሽ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተነሥተው «ለእምነት የሚዋጋ ይምጣ» አሉ፤ የመጣው በመስቀልና በወንጌል ምሎ ነጭ የጨርቅ መስቀል ደረቱ ላይ ይሰፋለታል። እስላሞቹም በአረንጓዴ ባንዲራ ሥር የራሳቸውን ክፍል አቋቁመው አብረው ዘመቱ። መምህሩ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው፤ «ቄስ ያሰከራቸው ሽፍቶች» አለን። ፈተና ላይ እንዳለው አድርጌ ጻፍኩና አምስት አገኘሁ። በእነሱ ከአምስት በላይ ውጤት የለም። ያ አምስት ከአርባ ዓመት በኋላ ዳላስ ድረስ ተከትሎኝ እንደሚመጣ ያን ጊዜ ማን ይነግረኛል?

አሜሪካ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ኧርቪንግ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል የእንግዳ መኪና ፓርክ ማድረግ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት ቁልፍ ስትሰጠኝ የፊተኛው ወንበር ላይ የሩሲያኛ መጽሐፍ አየሁ። አርእስቱን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ቁልፏን መልሳ ተቀበለችኝና ወደ ጎን አቁማ ሩብ ሰዓት ያህል ጠየቀችኝ፤ ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩንባ ይነፋሉ። ስሟ ዶሪስ ነው፤ የዚያ ምድር ቤት ኃላፊ ናት። ከሁለት ወር በኋላ ሪቻርድሰን በግማሽ ቀን ቀጠረችኝ፣ ከዓመት በኋላ በሙሉ።

ዶሪስ የምዕራብ ቴክሳስ ከብት አርቢ ልጅ ናት፤ ወረቀትንም የምትይዘው የታመመ ጥጃ እንደሚይዝ ሰው ነበር፣ ቀስ ብላ ግን ሳትፈራ። እርሳሷን በሴንጢ ትቀርጻለች። እስክሪብቶ ይዞ የገባን ሰው፣ ፕሮፌሰርም ቢሆን፣ በሩ ላይ ትፈትሸዋለች። ጓንት አታደርግም፤ ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፣ ለወረቀት ታጥቦ የደረቀ እጅ ይበልጣል ትላለች። የዛገ ስቴፕል ከፊት ስቦ የሚነቅል ካየች ቀኑን ሙሉ አታናግረውም። አገላብጠህ፣ የታጠፉትን እግሮች በቀጭን የብረት ምላስ አንድ በአንድ ቀና አድርገህ፣ ከዚያ ወረቀቱን ከስቴፕሉ ላይ ማንሳት ነው እንጂ ስቴፕሉን ከወረቀቱ መንቀል አይደለም። እኔ ይህን አንድ ሥራ በደንብ ለመልመድ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።

ከሁሉ በላይ ግን ቁራጮቿ። ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ ሲገጥምህና አንተ ቀን ስትሰጠው፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ «በምን አወቅህ?» ብለህ ትጽፋለህ፤ ከሥሩ መልሱን ታሰፍራለህ፤ ቁራጩ ከደብዳቤው ጋር ማህደር ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ «ከፖስታው ማኅተም» ብዬ ጻፍኩ። ዶሪስ ማኅተሙን በማጉያ መነጽር አየችው፣ መነጽሩን ለእኔ አቀበለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሦስት ያልኩት ቁጥር ስምንት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ መነጽር ማኅተም አንብቤ አላውቅም።

እሷ ጡረታ ወጥታ ፎርት ዎርዝ እህቷ ዘንድ ስትገባ ባዶ የቁራጭ ካርቶኗን ለእኔ ተወችልኝ። ከእሷ በኋላ የመጣው አለቃ ክፉ ሰው አይደለም። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ «ስንት ሳጥን ጨረስክ?» ነው። ሁሉም ነገር ስካን ተደርጎ ኢንተርኔት ላይ መውጣት ነበረበት። እኔም ቁራጭ መጻፉን አልተውኩም፣ መልሱ ግን እያጠረ ሄደ።

ሊድያ ፓቭሎቭና የመጡት ጡረታ ከመውጣቴ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጸደይ ነው። ሰማንያ ምናምን ዓመታቸው ነው። ቻይና ውስጥ ከሩሲያ ስደተኞች ተወልደው፣ ብዙ አገር ዞረው፣ በመጨረሻ እዚሁ ሪቻርድሰን በሚሠራ ልጃቸው ምክንያት ሌዊስቪል የአዛውንት አፓርትመንት ገብተዋል። ሩሲያኛ ስናገር ሲሰሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሩሲያኛ አንቱታ አለው፤ የአባትን ስም ጨምሮ መጥራትም ክብር ነው። እንዲያ እየተባባልን ተግባባን። ያመጡት የጫማ ካርቶን ነው፤ ውስጡ የአባታቸው የፓቬል ማስታወሻ ደብተር፣ ጥቂት ደብዳቤዎችና አንድ ፎቶግራፍ። ፎቶው ላይ ያለው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፣ ካፖርቱ ላይ ነጭ መስቀል ተሰፍቷል። የጨርቅ መስቀሉ ራሱ ቤታቸው ከሥዕለ አድኅኖው ሥር ተሰቅሏል አሉኝ። ከአንሶላ የተቀደደ ነው፤ እናቱ ናት የሰፋችለት።

እኔም ያን ጊዜ የፈተናዬን «አምስት» አስታወስኩ። አልነገርኳቸውም።

የፈለጉት አንድ ነገር ነው። አባታቸው ስለዚያ ጦርነት ሳይናገር ነው የሞተው። ከወረቀቶቹ መካከል የሌላ ዘማች ደብዳቤ አለ፤ ሽሽቱ ላይ ሳሉ የፓቬል ክፍል የጠላት ተዋጊ ደብቃችኋል ብሎ አንድ መንደር ማቃጠሉን ይናገራል። ሰው ያለባቸው ቤቶች ነበሩ። ሊድያ ፓቭሎቭና ያንን ደብዳቤ ስንት ዓመት እየከፈቱ ዘግተውታል። አባታቸው ያን ቀን እዚያ ነበር? ከደብተሩ እንዳያነቡት የአባታቸው ጽሕፈት ጉንዳን የሄደበት ነው የሚመስለው፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ስለዚህ እኔ ዘንድ መጡ።

ደብተሩ ሲረጥብ ወይን ጠጅ በሚሆን እርሳስ የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት የቱንም ያህል ቢጨማደድ በእርጥበት አይፈታም፤ አንድ ጊዜ እንፋሎት ከነካው ገጹ በሙሉ ቀለም ይሆናል። በደረቁ፣ በለስላሳ ብሩሽና በብረት ምላስ፣ በቀን አራት አምስት ገጽ ነው የምገልጠው። ስድስት ሳምንት ወሰደብኝ። ፓቬል ቀን የሚባል አይጽፍም። የሚጽፈው በዓል ነው። የማለው በመስቀል በዓል ነው። በሚካኤል ዕለት ዳቦ አጡ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የተኩራራሁት። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፣ ዓመቱን ግን ከነዝርዝሩ በበዓል ይዛው ነበር የምትኖረው፤ እኔም ከእሷ ወርሼው እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን አሮጌውን አቆጣጠር እንደ ያዘ አውቃለሁ፤ የእኛም ከዚያው ጋር ይሄዳል። መስቀልን አሰላሁት፣ ገጠመ። በዚያ ዓመት የእኛ በአንድ ቀን ይዘገያል፣ እሱም የጳጉሜ ስድስት ጉዳይ ስለሆነ ገባኝ። ኅዳር ሚካኤልን አሰላሁት፣ እሱም እንደዚያው ገጠመ። ፈረንጆቹ ባልደረቦቼ የበዓላት ሰንጠረዥ ሲያገላብጡ እኔ በጣቴ ቆጥሬ እጨርሳለሁ ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ይህ መጣ፦

«ዛሬ የእመቤታችን ወደ ቤተ መቅደስ የመግባት በዓል። እግሬ አልሰማ ብሎኛል። በበረዶ ሸርተቴ ጭነው ወደ ኋላ እየላኩኝ ነው። ከክፍሉ ተለየሁ።»

በዓታ ለማርያም። ታኅሣሥ ሦስት። ይህን ደግሞ ማንን እጠይቃለሁ? ወደ ፈረንጅ ቀን መለስኩት። የመንደሩ መቃጠል ደብዳቤው ላይ በአዲሱ አቆጣጠር በግልጽ ተጽፏል፤ እኔ ካወጣሁት ቀን በአምስት ቀን ይቀድማል። ስለዚህ ፓቬል መንደሩ ሲቃጠል ከክፍሉ ጋር ነበረ፤ እግሩ የቀዘቀዘው ከዚያ በኋላ ነው። ቁራጭ ወረቀት አወጣሁ። «በምን አወቅህ?» ከሚለው ሥር «የታወቀ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ሌዊስቪል ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። በደብዳቤ መላክ ነውር መስሎኝ ነው። ያዘጋጀሁት ማብራሪያ ነበር፤ ስለ ጊዜው፣ ስለ ሽሽቱ፣ ማን ምን እንዳደረገ ማወቅ እንደማይቻል። አላስጨረሱኝም።

«አባቴ ያን ቀን እዚያ ነበር?» አሉኝ።

«ነበሩ» አልኳቸው።

ከዚያ አባታቸው በግራ እግሩ ሦስት ጣት እንዳልነበረው፣ ልጅ ሳሉ ሲጠይቁት «ብርድ በላው» እያለ እንደሚያልፍ ነገሩኝ። «እንግዲያው መጀመሪያ አቃጠለ፣ ከዚያ የእግሩ ጣት ተወሰደ» አሉ። ቅጣት አድርገው ነው የወሰዱት። እኔም አልተቃወምኩም። እውነቱን ለመናገር ውስጤ ያለው የድሮ ተማሪ ትንሽ ረክቶ ነበር፤ መምህሩ ልክ ነበር ማለት ነው አልኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

በሳምንቱ ልጃቸው የጨርቅ መስቀሉን ይዞ ቢሮ መጣ። እናቱ ቤታቸው እንዲያድር አልፈለጉም። የስጦታ ውሉን ፈርመው ልከዋል። መስቀሉ ቁጥር ተሰጠው፣ ሳጥን ገባ፣ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ሆነ።

ታኅሣሥ ሊገባ ሲል፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ሊድያ ፓቭሎቭና ቢሮ ደወሉልኝ። ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው። የመንደሩን ስም ፊደል በፊደል እንድነግራቸው ፈለጉ፤ ለካህኑ ሰጥተው የሞቱትን በጸሎት ሊያስጠሩ ነው። ነገርኳቸው። ለወሬ ያህል ዛሬ ምን በዓል እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የእመቤታችን ወደ ቤተ መቅደስ መግባት ነዋ» አሉኝ።

ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ካላንደር ተሰቅሏል። በዓታ ገና ሳምንት አለፍ ይለዋል። ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላስታውስም። ሰንጠረዡን ከመደርደሪያ አወረድኩ፤ ክንዴ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ነበር። በዓሉ አንድ ነው፣ ስሙም አንድ ነው፤ እነሱ የሚያከብሩበት ቀንና እኛ የምናከብርበት ቀን ግን አንድ አይደለም። በፓቬል ዓመት ልዩነቱ ዘጠኝ ቀን ነው። መንደሩ ሲቃጠል ፓቬል በሸርተቴ ከሄደ አራተኛ ቀኑ ነበር። መስቀልና ሚካኤል ስለገጠሙልኝ ሦስተኛውን ሳላይ አለፍኩት። የሩሲያ ልጅ ቢሆን ቀኑን አይስትም፤ አሜሪካዊ ቢሆን ሰንጠረዥ ያያል። ይህን ስህተት ሊሠራ የሚችለው በዚያ ሕንፃ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዶሪስ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ዘረዘርኩላት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ ቁራጩ ላይ ምን ጽፈህ ነበር? አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ ዛሬውኑ አለቃህ ሳይሆን ሴትዮዋ ይስሙ አለችኝ።

ያን ዕለት ልጄ ሳምሪ ቤት ነበረች። ነርስ ናት፣ ለሰው ክፉ ዜና መንገር ሥራዋ ነው። ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። መጀመሪያ ላይ እንደ ቀላል ነገር አየችው፤ «ሶ ዳዲ፣ ማለቴ፣ ጉድ ኒውስ እኮ ነው፤ ኢሜይል ሴንድ አድርግላቸው» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ ቁልፏን አነሳች። «ኖ፣ ኖ። ሆስፒታል ሚስቴክ ሲኖር ሄደን ነው የምንነግረው። ና፣ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ።»

ሌዊስቪል ስንደርስ ሊድያ ፓቭሎቭና የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን አልቀየሩም። ሳምሪ በሩ አጠገብ ቀረች። ከሥዕሉ ሥር መስቀሉ የነበረበት ቦታ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ይህን ጊዜ ማብራሪያ አላስቀደምኩም።

«አባትዎ አልነበሩም» አልኳቸው። «ስህተቱ የኔ ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው ቀኑን አንድ በአንድ ያሳየኋቸው፤ የእነሱን በዓል፣ የእኛን በዓል፣ ያላየሁትን ሰንጠረዥ። ደግ ሰው ስለነበሩ ነው የተረፉት ልላቸው አልቻልኩም፤ ደብተሩ እንዲያ አይልም። እግራቸው ስለቀዘቀዘ ነው። ያም ሆነ ይህ አልነበሩም።

አልጮሁብኝም። ጣታቸውን እያጠፉ ወር ቆጠሩ። «ሰባት ወር ስሙን አላስጠራሁም» አሉ። «በሰባት ወር ውስጥ አንድ ሻማ አላበራሁለትም። ለእነዚያ ሰዎች አበራሁ፤ ለአባቴ አይገባውም ብዬ።» ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ይቅር እንዳሉኝ ይሁን እንዳልቻሉ አላወቅኩም፤ እስካሁንም አላውቅም። ከዚያ መስቀሉን እንድመልስላቸው ጠየቁኝ።

መመለስ አይቻልም ነበር። ውሉ ተፈርሟል። አለቃዬን ለመንኩ፣ እሱም በበኩሉ ከሱ በላይ ያሉትን ጠየቀ፤ የተመዘገበ ዕቃ አይወጣም ተባለ። የተፈቀደው መጥተው እንዲያዩት ነው። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ። ቀኑን በአንድ መስመር አረምኩት፤ መስቀሉን ግን ወደ ምስማሩ መመለስ አልቻልኩም።

ከገና በኋላ መጡ። ልጃቸው እስከ ንባብ ክፍሉ አድርሷቸው ሄደ። እስክሪብቶ እንዳይኖራቸው ቦርሳቸውን እንደ ደንቡ አየሁ፤ ሳቁብኝ። እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው ተቀመጡ። መስቀሉን ከተቀመጠበት ትንሽ ትራስ ጋር ፊታቸው አኖርኩላቸው። ጫፉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ሁለት ረድፍ አለ፤ አንደኛው እናቱ ደረቱ ላይ የሰፋችበት ነው፣ ሁለተኛው ወፍራምና ጠማማ፣ ሌላ እጅ የሰፋው። በሸርተቴው ላይ ሳለ ከውጭ ፈትቶ ካፖርቱ ውስጥ እንደ ሰፋው ደብተሩ ላይ አለ። ሊድያ ፓቭሎቭና ጠማማውን ረድፍ በጣታቸው ተከተሉት። የሸሚዝ ቁልፍ ሲተክልም እንዲሁ ነበር አሉ።

ደብተሩን ከፍቼ ያችን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ከገጹ ጋር ያለውን ቁራጭም አየሁት፤ «የታወቀ ነው» ይላል። ደንቡ የድሮውን ቁራጭ አያስጥልም፤ ስህተትም ይቀመጣል፣ አዲስ ይታከልበታል። ከዶሪስ ካርቶን አዲስ ቁራጭ አወጣሁ። «በምን አወቅህ?» ብዬ ጻፍኩ። ሥሩ የሰንጠረዡን ስምና ገጽ ልጽፍ እርሳሴን ሳሾል ሊድያ ፓቭሎቭና ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። ስለ ቀኑ የምጽፈውን ከጻፍኩ በኋላ እርሳሱን እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።

ዓይናቸው ደካማ ነው፤ አጎንብሰው፣ በትልልቅ የሩሲያኛ ፊደል፣ ጊዜ ወስደው ጻፉ። ከእኔ መስመር በታች እንዲህ ይላል፦

«ልጁ ነኝ። ሲሞት እግሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ቁራጩን ከገጹ ጋር ማህደሩ ውስጥ አስገባሁት።